የጳጳሱ ቀይ ካባ ምን ይላል? የካቶሊክ ካህናት ልብስ ከየት እንደመጣ

ሜይ 8 ቀን 2025 የቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ በረንዳ ተከፍቶ አዲሱ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮ 14ኛ ብቅ ሲሉ፣ ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ ሰው ፍርዱን ሰጥቶ ጨርሶ ነበር። (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ምክንያቱ ትከሻቸው ላይ የደረቧት ቀይ ካባ ናት። ሞዜታ ትባላለች። እስከ ክርን የምትደርስ፣ ፊት ለፊት በቁልፍ የምትዘጋ አጭር ካባ ናት። ከእሳቸው በፊት የነበሩት ፍራንችስኮስ በ2013 እዚያው በረንዳ ላይ ሲወጡ ይህችን ካባ አልደረቡም። ነጭ ቀሚስ ብቻ ነበር የለበሱት፤ ጥልፍ ያለባትን ስቶላም፣ ማለትም ረጅሟን የአንገት ሰበን፣ ለቡራኬው አንገታቸው ላይ አድርገው ወዲያው አወለቋት።

እና ወሬው ጦፈ። አንዱ "ወግ አጥባቂ መጣልን" ብሎ ደስ አለው፣ ሌላው "የፍራንችስኮስ ዘመን አበቃ" ብሎ አዘነ። ሁለቱም የቸኮሉ ይመስለኛል። አንድ ጨርቅ ይህን ያህል ነገር ተሸክሞ እንዴት እንደመጣ ካላወቅን፣ ሲለብሱትም ሲተዉትም ምን ማለታቸው እንደሆነ አይገባንም።

የነገሩ ቁልፍ እንዲህ ነው። ከእነዚህ ልብሶች አብዛኞቹ ሲጀመሩ ምንም ምሥጢር አልነበራቸውም። ሰው የሚለብሰው ተራ ልብስ ነበሩ። ልብሱ ቀደመ፣ ትርጉሙ ከዘመናት በኋላ ተከተለ።

በ4ኛውና በ5ኛው ክፍለ ዘመን አንድ ደህና ኑሮ ያለው የሮም ሰው ምን ይለብስ ነበር? ከውስጥ ቱኒካ የሚባል ረጅም ቀሚስ። ከላዩ ደግሞ ብርድና ዝናብ ሲሆን ፓኑላ ይደርባል፤ መሀሉ ላይ ራስ ማስገቢያ ብቻ ያለው፣ ዙሪያውን የሚሸፍን የመንገድ ካባ ነው። ያ ቀሚስ ዛሬ ካህኑ ለቅዳሴ ከውስጥ የሚለብሰው ነጩ አልባ ነው። ያ የመንገድ ካባ ደግሞ ከላይ የሚደረበው ካዙላ ነው። ዲያቆናቱ የሚለብሱት ዳልማቲካም ከዳልማቲያ፣ ማለትም ከዛሬዋ ክሮኤሺያ የባሕር ጠረፍ፣ የመጣ ባለ እጅጌ ቀሚስ ነበር። ማኒፕል የሚባል ግራ ክንድ ላይ የሚንጠለጠል ጨርቅም ነበር። እሱ መነሻው መሐረብ ነው፤ ላብ መጥረጊያ። በ1967 ግዴታነቱ ሲነሳ ብዙ ካህናት እንዳልነበረ ረሱት።

ታዲያ ተራ ልብስ እንዴት የካህን ልብስ ሆነ? ካህናቱ ምንም አላደረጉም፤ የተለወጠው ሌላው ሰው ነው። ከሰሜን የመጡት ሕዝቦች አጭር እጀ ጠባብና ሱሪ ይዘው መጡ። ለፈረስም ለሥራም የሚመች ልብስ ነውና ምእመናኑ ቀስ በቀስ ወደዚያ ሄዱ። ካህናቱ ግን በአሮጌው ፋሽን ቀሩ። ሁለት ሦስት ትውልድ ካለፈ በኋላ ረጅም ቀሚስ ለብሶ የሚታየው ቄስ ብቻ ሆነ፣ በቃ።

የሚገርመው፣ መጀመሪያ ላይ ልዩ ልብስን የተቃወመው ራሱ የሮም ጳጳስ ነው። በ428 ጳጳስ ሰለስቲኖስ 1ኛ በደቡብ ጎል፣ በዛሬዋ ፈረንሳይ፣ ላሉ ጳጳሳት ደብዳቤ ጻፉ። እዚያ አንዳንዶቹ እንደ መነኩሴ ካባ ደርበው ወገባቸውን ታጥቀው መታየት ጀምረው ነበርና፣ ከሕዝቡ መለየት ያለብን በትምህርታችንና በኑሯችን እንጂ በልብሳችን አይደለም የሚል ተግሣጽ ነው የላኩላቸው። ዛሬ ይህን አንድ ካርዲናል ቢጽፈው ማኅበራዊ ሚዲያው በምን ስም እንደሚጠራው መገመት አያቅትም።

ትርጉሙ ላይ ሊቃውንቱ በደንብ የሠሩበት በኋላ ነው። በ9ኛው ክፍለ ዘመን የሜትሱ አማላሪየስ እያንዳንዷን ጨርቅ አንድ በአንድ ተረጎማት። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ የሜንድ ጳጳስ የነበረው ዱራንዱስ ሰፋ አድርጎ ጻፈው። አሚክት የሚባለውን እዩ፤ ካህኑ ከሁሉ አስቀድሞ አንገቱ ላይ የሚያስረው አራት ማዕዘን ነጭ ጨርቅ ነው። የሚሠራው ሥራ ግልጽ ነው፤ ላብ የከበረውን ልብስ እንዳያበላሸው ይከላከላል። ጸሎቱ ላይ ግን "የመዳን ራስ ቁር" ነው፣ ከኤፌሶን መልእክት የተወሰደ። ካህኑ ሲለብሰው ለአፍታ ራሱ ላይ አሳርፎ ወደ አንገቱ የሚያወርደውም ለዚህ ነው። መታጠቂያው ንጽሕና ሆነ፣ ካዙላው ሁሉን የሚሸፍን ፍቅርና የክርስቶስ ቀንበር ሆነ፣ አልባው የጥምቀት ንጽሕና ሆነ። በቀሚሱ ላይ የሚደረደሩት 33 ቁልፎች የጌታ ዕድሜ ናቸው ይባላል፤ እጅጌው ላይ ያሉት አምስቱ ደግሞ አምስቱ ቁስሎች። ልብስ ሰፊው ይህን አስቦ አልቆጠረውም ብል ብዙ የምሳሳት አይመስለኝም።

እዚህ ጋ "እንግዲያው ሁሉም በኋላ የተለጠፈ ፈጠራ ነው" የሚል ይኖራል። እኔ አልስማማም። ነጠላን አስቡት። ለብርድ የተሸመነ ጨርቅ ነው። ግን ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ በመስቀለኛ እናጣፋዋለን፣ ለቅሶ ስንሄድ ጥለቱን ወደ ላይ እናዞረዋለን፤ ያየን ሰው ሳንናገር የት እንደምንሄድ ያውቃል። ትርጉሙ ከሸማኔው አልመጣም፣ ግን ትርጉም አይደለም የሚል የለም።

ወደ ራስ ላይ እንውጣ፤ ወሬ የሚበዛው እዚያ ነው።

ትንሿ ክብ ቆብ ዙኬቶ ትባላለች። ካህናት መሀል አናታቸውን ይላጩ በነበረበት ዘመን፣ በቀዝቃዛ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተላጨውን ቦታ ለማሞቅ የመጣች ናት። የርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ነጭ፣ የካርዲናሎች ቀይ፣ የጳጳሳት ሐምራዊ፣ የካህናት ጥቁር። "ከአይሁድ ኪፓ የተቀዳች ናት" የሚል ነገር ደጋግሜ አያለሁ። ቅርጹ በእርግጥ ይመሳሰላል፤ አገልግሎቱ ግን ተቃራኒ ነው ማለት ይቻላል። አይሁዳዊው በእግዚአብሔር ፊት ራሱን መሸፈኑ አክብሮት ነው፣ በጸሎት ሰዓት ጨርሶ አያወልቃትም። የካቶሊክ ጳጳስ ግን ቅዳሴው ከፍ ወዳለው ቦታ፣ ወደ ቍርባኑ ጸሎት ሲደርስ አውልቆ ያስቀምጣታል።

ዋናው ክርክር ግን ሚትራ ላይ ነው። ጳጳሳት የሚደፉት፣ ከፊትና ከኋላ ሹል ሆኖ የሚነሳው ረጅም ቆብ። "ይሄ የዳጎን፣ የዓሣው አምላክ ቆብ ነው" የሚል ቪዲዮ ያላየ ካለ እድለኛ ነው። ከጎን የተነሳ የጳጳስ ፎቶ ይመጣል፣ አጠገቡ አፉን ወደ ላይ የከፈተ ዓሣ የተከናነበ የአሦር ሐውልት ይቀመጣል፣ ቀስት ይሰመራል፣ አለቀ። ሐሳቡን በሰፊው ያስፋፋው በ19ኛው ክፍለ ዘመን የነበረ አንድ የስኮትላንድ ቄስ ነው፤ ካቶሊክን ፈጽሞ የማይወድ ሰው።

ሐውልቶቹ እውነተኛ ናቸው። ከንምሩድ ፍርስራሽ የወጡና ከክርስቶስ ልደት በፊት 9ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ የተቀረጹ፣ የዓሣ ቆዳ የደረቡ የጥበብ መናፍስት ምስሎች አሉ። ችግሩ ዘመኑ ላይ ነው። የክርስትና ጳጳሳት ለመጀመሪያዎቹ አንድ ሺህ ዓመታት ሚትራ የሚባል ነገር አልነበራቸውም። በጽሑፍ ጥርት ብሎ የምናገኘው በ1049 ነው፤ ሊዮ 9ኛ ለትሪየር ሊቀ ጳጳስ "የሮም ሚትራ" ሲሰጡ። መነሻው የሮም ጳጳሳት በሰልፍ ላይ ይደፉት የነበረ ተራ የጨርቅ ቆብ ነው። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ሥዕሎች ላይ ደግሞ ሁለቱ ጫፎች በግራና በቀኝ፣ ከጆሮ በላይ ነው ያሉት፤ ሙሉ በሙሉ ዝቅ ያለ ቆብ ነው። ጫፎቹ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የዞሩትና ወደ ላይ የረዘሙት በኋላ ነው። ስለዚህ ያ ከጎን የሚታየው "የዓሣ አፍ" የመጣው በመካከለኛው ዘመን መጨረሻ የአውሮፓ ፋሽን ነው፤ አሦር ከጠፋች ከሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በኋላ ማለት ነው። ሁለቱ ጫፎች ብሉይና ሐዲስ ኪዳን ናቸው የሚለውም ትርጉም ያው በኋላ የመጣ ነው። ከኋላ የሚንጠለጠሉት ሁለት ዘርፎች መነሻቸው ቆቡን ማሰሪያ ጨርቅ ሳይሆን አይቀርም።

ሦስት አክሊል የተደራረበበት ቲያራ ሌላ ነገር ነው፤ እሱ የጸሎት ሳይሆን የሥልጣን ምልክት ነበር፣ ጳጳሱ ግዛትና ጦር የነበራቸው ጊዜ ያደገ። ጳውሎስ 6ኛ በ1963 የሚላን ሰዎች ባሠሩላቸው ቲያራ ዘውድ ደፉ፣ በቀጣዩ ዓመት ኖቬምበር ላይ አውልቀው የቅዱስ ጴጥሮስ መንበረ ታቦት ላይ አስቀመጡት፣ ለድሆች። ዛሬ ዋሽንግተን ዲሲ በሚገኘው የእመቤታችን ብሔራዊ ባሲሊካ ውስጥ ይታያል፤ እዚያ ከተማ ያላችሁ ሄዳችሁ ልታዩት ትችላላችሁ። ከእሳቸው በኋላ ዘውድ የደፋ ጳጳስ የለም። በነዲክቶስ 16ኛም በ2005 ከግል አርማቸው ላይ ቲያራውን አንስተው በሚትራ ተኩት።

የካርዲናሎቹ ቀይ ታሪክ ደግሞ የፖለቲካም የንግድም ታሪክ ነው። ቀዩን ባርኔጣ የሰጡት ኢኖሰንት 4ኛ ናቸው፣ በ1245 ከሊዮን ጉባኤ ጋር ተያይዞ፣ ከንጉሠ ነገሥት ፍሬድሪክ 2ኛ ጋር እስከ ስደት በሚደርስ ጠብ ውስጥ ሳሉ። የቀዩ ትርጉም ነው የሚባለው "ደማችሁን እስክታፈሱ" የሚል ቃል ያኔ ግጥም አልነበረም። ያ ባርኔጣ ጋሌሮ ይባላል፤ ጠርዙ ሰፊ፣ በግራና በቀኝ ዘርፍ የሚንጠለጠልበት። ካርዲናሉ ሲሞት ከመቃብሩ በላይ ጣሪያ ላይ ይሰቀላል፣ ብል በልቶት በራሱ እስኪወድቅ ድረስም አይነካም። ኒውዮርክ ቅዱስ ፓትሪክ ካቴድራል ገብታችሁ ቀና ብትሉ ተሰቅለው የቀሩ አሉ። በ1969 ሥርዓቱ ሲቀልል ጋሌሮ ቀረ፤ አሁን አርማ ላይ ብቻ ነው ያለው፣ ለካርዲናል በየጎኑ 15 ዘርፍ። ዛሬ ካርዲናል የሚደፋው ቢሬታ ነው፣ አራት ማዕዘን ያለው ቀይ ቆብ።

ቀለሙ ራሱ መጀመሪያ ላይ ይህ ቀይ አልነበረም። የጥንቱ የክብር ቀለም ከባሕር ቀንድ አውጣ የሚወጣው ሐምራዊ ነበር፤ ለአንዲት ልብስ ስፍር ቁጥር የሌለው ቀንድ አውጣ ይጨፈጨፍ ነበርና ዋጋው አይቀመስም። በ1453 ቁስጥንጥንያ በኦቶማኖች እጅ ስትወድቅ የቀለሙ ምንጭ ተቋረጠ። በ1464 ጳውሎስ 2ኛ ለካርዲናሎቹ ደማቁን ቀይ ፈቀዱ፤ እሱ የሚወጣው በሜድትራኒያን ዳርቻ የኦክ ዛፍ ላይ ከሚኖር ኬርመስ ከሚባል ነፍሳት ነው። ለዛሬው ካርዲናል ጳጳሱ ቢሬታውን ሲሰጡ ቀይነቱ ደም እስከማፍሰስ ድረስ ለመጽናት ምልክት መሆኑን ይነግሩታል። የቀለም ገበያው ታሪክ የቃሉን ክብደት አይቀንሰውም፤ አብረው የሚኖሩ ነገሮች ናቸው።

የጳጳሱ ነጭስ? የተለመደው ወሬ ዶሚኒካዊው ፒዮስ 5ኛ በ1566 ሲመረጡ የመነኩሴ ነጭ ልብሳቸውን ስላልተዉ ነው የተጀመረው ይላል። ግን ዱራንዱስ ከዚያ በፊት ሦስት መቶ ዓመት ገደማ ቀድሞ፣ ጳጳሱ ከውስጥ ነጭ ከላይ ቀይ እንደሚለብሱ ጽፏል፤ ነጩ ንጽሕና፣ ቀዩ ለመንጋቸው ነፍሳቸውን ለመስጠት መዘጋጀታቸው። አሁን ወደ ሊዮ 14ኛ በረንዳ መለስ በሉ። ነጭ ቀሚስ፣ ላዩ ላይ ቀይ ሞዜታ። ፍራንችስኮስም ቢሆኑ ኤፕሪል 2025 ሲያርፉ በሬሳ ሳጥኑ ውስጥ የታዩት ቀይ ልብሰ ተክህኖ ለብሰው ነው፤ ጳጳስ የሚቀበረው በቀይ ነውና።

በዘመናችን የልብስ ጸብ የጦፈው ከሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ (ከ1962 እስከ 1965) በኋላ ነው፤ ማቅለሉ ግን ከዚያ ቀድሞ ጀምሯል። ፒዮስ 12ኛ በ1952 የካርዲናሎችን መሬት ለመሬት የሚጎተት ረጅም ካባ በግማሽ ገደማ አሳጠሩ። ጳውሎስ 6ኛ በ1969 የቀረውን ጌጣ ጌጥ ጠራርገው አወጡት። በነዲክቶስ 16ኛ ጥቂቱን መልሰው ከሣጥን አወጡ፤ በዲሴምበር 2005 ነጭ ፀጉር የተጠለፈበት ካማውሮ የሚባል ቀይ የክረምት ቆብ ደፍተው ሲወጡ ግማሹ ዓለም የገና አባት መሰሉት ብሎ ሳቀ። ቀይ ጫማቸው የአንድ ውድ የፋሽን ድርጅት ነው ተብሎ ብዙ ተወራ፤ ውሸት ነበር፣ የሠራላቸው የኖቫራ ከተማ ጫማ ሰፊ ነው። ፍራንችስኮስ ደግሞ ጥቁር ጫማቸውን አልቀየሩም። ሊሞቱ ጥቂት ቀናት ሲቀሯቸው፣ ኤፕሪል 10 ቀን፣ በተሽከርካሪ ወንበር ወደ ባሲሊካው የገቡት ያለ ነጭ ቀሚስ፣ ያለ ቆብ፣ ጥቁር ሱሪ አድርገውና ባለ መስመር ብርድ ልብስ መሳይ ነገር ደርበው ነው። ያን ፎቶ አይቶ "ክብር ጎደለ" ያለም ነበር። የ88 ዓመት ታማሚ ሰው ናቸው እኮ።

ልብሱ ሥልጣኑን አይሰጥም። በቤተ ክርስቲያኒቱ ሕግ የተመረጠው ሰው አስቀድሞ ጳጳስ ከሆነ እሺ ባለበት ቅጽበት ነው ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት የሚሆነው፤ የሚለብሰው በኋላ ነው፣ "የእንባ ክፍል" በሚሏት ትንሽ ክፍል ውስጥ። እዚያ በልማድ ሦስት ነጭ ቀሚሶች ይዘጋጃሉ፤ ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ትልቅ። ማን እንደሚመረጥ አይታወቅማ! በ1958 ወፍራሙ ዮሐንስ 23ኛ ሲመረጡ አንዱም አልበቃ ብሏቸው ከኋላ ተቀዶ በመርፌ ቁልፍ ተይዞ ነው በረንዳ የወጡት ይባላል።

ስለዚህ የሊዮን ሞዜታ እንደ አዋጅ ማንበቡ አያስኬድም ባይ ነኝ። ቀይዋን ካባ ደረቡ፣ ጫማቸው ግን ጥቁር ነው። ያነበብኩት እንደዚህ ነው፦ የግል ምርጫቸውን ሳይሆን የቦታውን ልብስ ለበሱ። ፍራንችስኮስ ቀለል ብለው መልበሳቸው ትሕትና ነበር፣ ሳይፈልጉትም ግን ዓይንን ወደ ራሳቸው ሳበ። ተዘጋጅቶ የተሰጠን መልበስም ራስን መደበቂያ ይሆናል። ከሞዜታዋ ይልቅ ብዙ የሚናገረው ጁን 29 ያደረጉት ነው።

ያን ቀን አዲስ ለተሾሙ ሊቃነ ጳጳሳት ፓሊየም ይሰጣል። ፓሊየም ማለት ጥቁር መስቀሎች ያሉበት፣ ትከሻ ላይ የሚዞር ጠባብ ነጭ የሱፍ ሰበን ነው። ጃንዋሪ 21፣ በቅድስት አግነስ በዓል፣ ጠቦቶች ይባረካሉ፤ ከሱፋቸው በሮም የቅድስት ቼቺሊያ ገዳም መነኮሳይት ይሸምኑታል፤ ከዚያ በቅዱስ ጴጥሮስ መቃብር አጠገብ ያድራል። እረኛው የጠፋችውን በግ በትከሻው ተሸክሟል ነው ነገሩ፤ ለአንዴ እንኳ ልብሱ የተሠራበት ነገርና ትርጉሙ ገጠሙ። ፍራንችስኮስ በ2015 ይህን ቀይረው፣ ሊቃነ ጳጳሳቱ በየሀገረ ስብከታቸው በሕዝባቸው ፊት እንዲለብሱት አደረጉ። ሊዮ 14ኛ በመጀመሪያው ዓመታቸው መልሰው በራሳቸው እጅ አለበሱ። ይሄ የልብስ ብቻ ጉዳይ አይደለም፤ ሊቀ ጳጳሱን ከሮም ጋር የሚያያይዘው ክር የት ይታሰር የሚል ጥያቄ ነው።

በነገራችን ላይ፣ "የካቶሊክ ልብስ" ሲባል እስካሁን ያወራሁት በሙሉ የላቲኑ ሥርዓት ነው። ከሮም ጋር አንድነት ያላቸው 23 የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት አሉ፣ የኢትዮጵያ ካቶሊክ አንዷ ናት። በ2015 ካርዲናል የሆኑት ብፁዕ አቡነ ብርሃነየሱስ ሱራፌል ሊዮ 14ኛን በመረጠው ጉባኤ ድምፅ ከሰጡት 133 ካርዲናሎች መካከል ነበሩ፤ የሚመሯት ቤተ ክርስቲያን ግን የምትቀድሰው በግዕዝ ሥርዓት ነው። አዲስ አበባ፣ አዲግራት፣ እምድብር፣ ባሕር ዳር ደሴ የግዕዝ ሥርዓት ሀገረ ስብከቶች ናቸው። ወደ ሆሳዕና፣ ሶዶ፣ ሐዋሳ ወይም ነቀምቴ ስትሄዱ ደግሞ የላቲን ሥርዓት ነው፤ ካህኑ ያን የሮም መንገደኛ ካባ፣ ካዙላውን ለብሶ ታገኙታላችሁ። አንድ አገር፣ አንድ ሃይማኖት፣ ሁለት የልብስ ታሪክ። አንዳንድ የምሥራቅ ካርዲናሎች የየራሳቸውን ባህል ቆብ ይዘው ነው ሮም የሚገቡት፤ በዲሴምበር 2024 የተሾሙት ዩክሬናዊው ሚኮላ ቢቾክ ከቀይ ቢሬታ ይልቅ የምሥራቁን ቆብ ነው የተቀበሉት። በሚቀጥለው የካርዲናሎች ሹመት ቴሌቪዥን ላይ ሁሉም ቀይ በቀይ ሲሆን፣ ጥቁርና ለየት ያለ ቆብ የደፉትን ፈልጓቸው።